ስንት ሜጋፒክስል ይበቃናል?

(በምሩቃን መገናኛው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ሮቤ ላይ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ተጽፎ በተናጋሪው ታርሟል።)

ከምሳ በኋላ መናገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ላይ የሮቤ ብርድ አለ፤ ጋቢ የለበሰ ሰው እንቅልፍ ቢወስደው አልቀየምም። (ሳቅ)

ይህን ንግግር እንዳደርግ የተጠየቅሁት በአንድ ክርክር ምክንያት ነው። አብዛኞቻችሁ በቴሌግራም ቡድናችን ተከታትላችሁታል። ማኅበራችን ካዋጣነው ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍቱ ካሜራ ገዝቶ ይስጥ፤ በባሌ በየቤቱና በየመስጊዱ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱም ያሉ የእጅ ጽሑፎች ፎቶ ይነሡበት የሚል ሐሳብ ቀረበ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማማን። ከዚያ አንዱ ወንድማችን «እንግዲህ ከገዛን አይቀር 100 ሜጋፒክስሉን ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «የኔ ስልክ 200 ሜጋፒክስል ነው፤ ለምን ገንዘብ እናባክናለን?» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ የተባለውን እዚህ አልደግመውም። (ሳቅ)

እኔ ፊዚክስ ተምሬ ከወጣሁ በኋላ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ገባሁ፤ አሁን ሥራዬ ሰነድና መጽሐፍ ፎቶ ማንሣት ነው። ስለዚህ «አንተ ተናገር» ተባልኩ። የምናገረው ግን እንደ ባለሙያ ብቻ አይደለም። አንድ ዕዳ አለብኝ፤ ከእሱ ልጀምር።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት እንደጨረስን፣ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ወደ አያቱ ቤት ወሰደኝ። ሽማግሌው ሼህ ናቸው፤ ቤታቸው ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን በሚወስደው አቅጣጫ፣ ቆላው ሲጀምር ነው። አንድ ትልቅ የእጅ ጽሑፍ ነበራቸው። ዋናው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው፤ በኅዳጉ ላይ ግን በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ፣ ማለትም ዐጀሚ፣ በደቃቅ እጅ ሰፍሯል። እሳቸው ሻይ አቅርበው፣ መጽሐፉን ከጨርቁ አውጥተው፣ «ልጄ፣ ቀን ሳይመሽ አንሣው፤ ከቤት ግን አይወጣም» አሉኝ። የያዝኩት ካሜራ የተዋስኩት ነው፤ 5 ሜጋፒክስል ትንሽ የኪስ ካሜራ። ማቆሚያ የለኝም። መጽሐፉን መስኮት ሥር ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ፣ ተንበርክኬ፣ ሁለት ሁለት ገጹን በአንድ ጊዜ እያነሣሁ በሁለት ሰዓት ጨረስኩት። እንዲያውም ፈጥኜ በመጨረሴ ኮራሁ።

በ2006 ዓ.ም. ቤቱ በእሳት ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። መጽሐፉ ግን የለም። ጓደኛዬ ደውሎ «ያነሣኸው አለህ አይደል?» ሲለኝ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። «አለኝ! ሙሉውን አለኝ!» አልኩት። አትሜ፣ አስጠርዤ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፤ የልጅ ልጃቸው ነው ያነበበው። ዋናውን ጽሑፍ በዝግታም ቢሆን አነበበ። ኅዳጉ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ገለጠ፤ ሌላ ገጽ፤ እንደገና ዝም አለ። ከዚያ «ዋናው ጽሑፍ እኮ በሌላም ቦታ ይገኛል። እኛ የምንፈልገው የጎኑን ነበር» አለኝ። በኅዳጉ ላይ የነበረው የቤተሰቡ የትውልድ ሐረግ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ የዚያን ቀን ጥፋት ሒሳብ ነውና።

5 ሜጋፒክስል ካሜራ በአግድም 2,592 ፒክስል ገደማ አለው። እኔ ያነሣሁት ሁለት ገጽ ከነዙሪያው ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። አካፍሉት፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር 5 ፒክስል ብቻ ይደርሳል። በደቃቅ ጽሑፍ ላይ የፊደሉ ነጥብ የሚሊ ሜትር ሲሶ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንዷ ነጥብ ሁለት ፒክስል እንኳ አልደረሳትም። በዓረብኛ ፊደል ደግሞ፣ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በቃል መካከል አንዲት ጥርስ ከሥሯ አንድ ነጥብ ካላት ባ ናት፤ ከላይዋ አንድ ካላት ኑን፣ ሁለት ካላት ታ፣ ሦስት ካላት ሳ። ነጥቧ ከጠፋች የሰውዬው ስም ጠፋ ማለት ነው። በግእዝም ያው ነው፤ በ እና ቡ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ የዜማ ምልክቶች ደግሞ ከመስመሩ በላይ ከሁሉም ደቀው ነው የሚጻፉት።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ጨምሩ። በአብዛኛው ካሜራ ውስጥ ያለው ሴንሰር ቀለም የሚያየው በፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ነው። የኮዳክ ሰው የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ፣ ግማሾቹ ፒክስሎች አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ያያሉ፤ የጎደለውን ካሜራው ከጎረቤት እየገመተ ይሞላል። ስለዚህ 5 ሜጋፒክስል ሲባል እውነተኛው ዝርዝር ከዚያ ያንሳል። ከዚያ ጄፔግ ሲጨምቀው፣ ከዚያ የኔ እጅ ሲንቀጠቀጥ... በቃ፣ ነጥቧ ከየት ትምጣ?

«ዛሬ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማጥራት አይቻልም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። ሞክሬዋለሁ። ምስሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ነጥቦችም ታዩ። የልጅ ልጁ ሲያነበው ግን ከሽማግሌው የሰሙትን ስም አልሰጠውም። ፕሮግራሙ ነጥብ አላገኘም፤ ነጥብ ፈጠረ። ለሠርግ ፎቶ ችግር የለውም። ለትውልድ ሐረግ ግን የደበዘዘ ምስል ይሻላል፤ የደበዘዘው ቢያንስ «አላውቅም» ይላል። ያጠራሁትን ደምስሼዋለሁ።

ስለዚህ «ከፍተኛ ጥራት ያለው ሴንሰር ቅንጦት ነው» ለሚሉት መልሴ ይህ ነው፦ አይደለም። ሴንሰሩ ያልያዘውን በኋላ ከየትም አታመጡትም።

እሺ፣ ታዲያ 100 ሜጋፒክስሉን እንግዛ? እዚህ ላይ ደግሞ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ሜጋፒክስል ስፋት ነው እንጂ ርዝመት አይደለም። የገበሬ ልጆች ስለሆንን በማሳ ልናገር። ጎኑ 100 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ማሳ አንድ ሄክታር ነው። ጎኑን 200 ሜትር ለማድረግ ሁለት ሄክታር አይበቃችሁም፤ አራት ያስፈልጋል። ካሜራም እንደዚያው ነው። ሁለት እጥፍ ደቃቅ ነገር ለማየት አራት እጥፍ ፒክስል መግዛት አለባችሁ። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በአግድም 6,000 ፒክስል አለው። ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው 102 ሜጋፒክስል ካሜራ በአግድም 11,648 ፒክስል አለው። ከአራት እጥፍ በላይ ሜጋፒክስል ሆኖ፣ በመስመር ሲለካ ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም። ሲወጣ ዋጋው ሌንሱን ሳይጨምር 10,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከዕጥፉ በፊት ዋጋውን አስቡት።

ለኛ ሥራ ስንት ያስፈልጋል? ቤተ መዛግብት ለእጅ ጽሑፍ በተለምዶ የሚጠይቁት በአንድ ኢንች ከ300 እስከ 400 ፒክስል ነው። በ400 ሒሳብ ለአንድ ሚሊ ሜትር 16 ፒክስል ገደማ ማለት ነው። ያቺ የጠፋችው ነጥብ ከአምስት ፒክስል በላይ ታገኛለች፤ ትነበባለች። አሁን 25 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ገጽ ውሰዱ። አንድ ገጽ በ400 ለማንሣት የሚያስፈልገው 22 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ሁለቱን ገጽ በአንድ ጊዜ ዘርግታችሁ ካነሣችሁ 43 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 24 ሜጋፒክስሉ ካሜራ ገጽ በገጽ ለሚያነሣ ሰው ይበቃዋል። ባለ 45ቱ ደግሞ ጊዜ ይቆጥባል፤ ሁለት ገጽ በአንድ ጠቅታ። ባለ 100ው የሚያስፈልገው ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ካርታ ወይም የግድግዳ ሥዕል በአንድ ጊዜ ለማንሣት ነው፤ እሱም ቢሆን ካርታ አይሮጥም። አራት ቦታ ከፍሎ አንሥቶ በኮምፒውተር መስፋት ይቻላል። ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያሉትን ዓምዶች ያነሣሁት እንደዚያ ነው፤ ከመሬት እስከ ጣሪያ በየደረጃው እያነሣሁ ሰፋሁት።

ስለ ስልኩ ደግሞ ልናገር፤ ወንድማችን ፊት ለፊት ተቀምጧል። (ሳቅ) ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው 200 ሜጋፒክስል ሴንሰር የእያንዳንዱ ፒክስል ጎን 0.64 ማይክሮን ነው። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ራሱ 0.55 ማይክሮን ገደማ ነው። ፒክስሉ ከሚያየው ብርሃን ሞገድ ብዙም አይበልጥም! ብርሃን በሌንስ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን አንዲት ነጥብ ነጥብ ሆና አትወርድም፤ ክብ ትሆናለች። በስልክ ሌንስ፣ ቀዳዳው ኤፍ 1.8 ቢሆን፣ ያቺ ክብ ወርዷ 2.4 ማይክሮን ገደማ ነው። ወደ አራት ፒክስል ትሸፍናለች ማለት ነው። ለዚህ ነው ስልኩ ራሱ በአብዛኛው 16 ፒክስሎችን አንድ እያደረገ 12.5 ሜጋፒክስል የሚሰጣችሁ። ውሸት አይደለም፤ በጥሩ ብርሃን ከ12 የተሻለ ይወጣል። ግን 200 አይደለም። መምህራኖቻችን ይህን በኦፕቲክስ ክፍል አስተምረውን ነበር፤ እኔ ያን ቀን ከኋላ ወንበር ነበርኩ።

ይህ ብተና ትልቁንም ካሜራ አይምርም። እኔ ያገለገለ ኒኮን ዲ850 ገዛሁ፤ 45.7 ሜጋፒክስል። ፒክስሉ 4.4 ማይክሮን ገደማ ነው። በመጀመሪያው ሥራዬ የመጽሐፉ እጥፋት እንዳይደበዝዝብኝ ብዬ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 አጠበብኩት። ያቺ የብርሃን ክብ 21 ማይክሮን ደረሰች፤ አምስት ፒክስል ያህል። ሙሉ መጽሐፍ እንደ ጭጋግ ለስላሳ ሆኖ ወጣ። በኤፍ 8 ደግሜ ሳነሣው ነው የገባኝ። በዚያ ቀን በውድ የገዛሁትን ካሜራ በራሴ እጅ ወደ ርካሽ ካሜራ ለውጬው ነበር።

ቀጥሎ መንቀጥቀጥ አለ። በ400 ሒሳብ አንድ ፒክስል ማለት በገጹ ላይ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል። ካሜራው ወይም መጽሐፉ በመነሣት ላይ ሳለ የፀጉር ውፍረት ያህል ከተንቀሳቀሰ የገዛችሁትን ጥራት አጣችሁ። አንድ ጊዜ በመንገድ ዳር በነበረ ቤት ስሠራ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይርድ ነበር፤ በር ላይ አንድ ልጅ አስቀምጬ መኪና ሲመጣ «ቁም!» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ከካሜራው በፊት የሚገዛው ጠንካራ ማቆሚያ ነው፤ ከግድግዳ ወይም ከከባድ ጠረጴዛ ጋር የሚታሰር። ሁለት መብራት፣ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ። መጽሐፉን የማያስጨንቅ ድጋፍ። የቀለም መለኪያ ካርድ። እነዚህን ስትናገሩ ማንም አያጨበጭብም፤ «100 ሜጋፒክስል» ስትሉ ነው የሚጨበጨበው። (ጭብጨባና ሳቅ)

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ትንሽ ከርዕሴ ወጣ ይላል። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ ኢኤምኤምኤል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ከ9,000 በላይ የእጅ ጽሑፎች ተነሥተዋል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ሜጋፒክስል የሚባል ነገር በሰው አፍ አልነበረም። ነገር ግን ካሜራው በማቆሚያ ታስሯል፣ ሌንሱ ጥሩ ነው፣ ፊልሙ ደቃቅ ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ሊቃውንት ያነቡታል። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ በቀይ ቀለም የተጻፈው የቅዱሳን ስምና ርእስ ከጥቁሩ አይለይም፤ ሁሉም ግራጫ ነው። ከዚህ የምወስደው፣ ጥራት በአንድ ቁጥር የሚለካ አለመሆኑን ነው። እኔ በ2003 ባለ ቀለም ዲጂታል ይዤ የሠራሁት ከእነሱ የ1973 ፊልም በብዙ ያነሰ ነበር።

አሁን ከመጽሐፍ ወጥተን ወደ ደጅ እንሂድ፤ በቴሌግራም «ካሜራው ለምርምርም ያገልግል» ተብሏልና።

ሳነቴ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ከዓለም ሁሉ በብዛት የሚገኘው በባሌ ተራሮች ነው፤ ጠቅላላ ያሉት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም። ርቀን ማየት ግዴታችን ነው፤ መቅረብ ያውካቸዋል። እዚህ ላይ ከፍተኛ ጥራት ያለው ሴንሰር በእርግጥ ይጠቅማል። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ100 ሜትር ርቀት ባለ 45 ሜጋፒክስሉ ካሜራ አንድ ፒክስል በቀበሮው ላይ 1.1 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል፤ ባለ 24ቱ 1.5 ሚሊ ሜትር። ልዩነት አለው፤ የጆሮ ጠባሳ፣ የአፍንጫ ላይ ምልክት፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመውን ጥናት ሰምታችኋል፤ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች የዚያን ረጅም ቀይና ቢጫ አበባ ማር እየላሱ አፋቸው በአበባ ዱቄት ሲለወስ የታየበት። በአፍንጫ ላይ ያለ የአበባ ዱቄት በምስል መረጃ የሚሆነው ዝርዝሩ ሲኖር ነው።

ነገር ግን ፀሐይ ወጥቶ መሬቱ ሲሞቅ፣ ረፋድ ላይ፣ አየሩ ራሱ ይንቀለቀላል። ቀበሮው በ300 ሜትር ላይ ከሆነ በ24ም አነሣችሁት በ100 የምታገኙት አንድ ዓይነት የሚዋኝ ቀበሮ ነው። መፍትሔው ከዲንሾ ወይም ከጎባ በሌሊት ተነሥቶ ንጋት ላይ መድረስ ነው። ከዚህ ከፍ ያለ ሜጋፒክስል አላገኘሁም። ባትሪውን ግን ብብታችሁ ውስጥ ያዙት፤ ብርዱ ይጨርሰዋል።

ስንዴ ላይ ደግሞ ሰዎች በድሮን ተስፋ አድርገዋል። ይህ አገር በዋግ የተጎዳ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ፣ በ2013 ደግሞ ዲጋሉ በተባለው ዝርያ ላይ የመጣው የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ያደረገውን ከእናንተ መካከል በቤቱ ያየ አለ። ታዲያ ድሮን ዋጉን አስቀድሞ ያያል ወይ? ባለ 20 ሜጋፒክስል የተለመደ ድሮን 100 ሜትር ላይ ሲበር አንድ ፒክስሉ መሬት ላይ 2.7 ሳንቲ ሜትር ነው። የቢጫ ዋጉ እባጭ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። እባጩን ለማየት ድሮኑ አንድ ሜትር ተኩል ላይ መብረር አለበት፤ ያ ድሮን ሳይሆን ሰው ነው። (ሳቅ) ድሮኑ የሚያየው ማሳው በቦታ በቦታ ቀለሙ ሲለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ በሽታው ገብቷል። ይህም ጥቅም አለው፤ የትኛው ጥግ ላይ ሄደን እንይ የሚለውን ይነግራል። ለማረጋገጥ ግን ገበሬው በተራ ስልኩ ቅጠሉን በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢያነሣው ለአንድ ፒክስል 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። ያን ፎቶ ለሲናና የምርምር ማዕከል ባለሙያ ቢያሳይ ከማንኛውም ድሮን ይበልጣል። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ካሜራ ሳይሆን ፎቶውን የሚቀበል ሰው ነው።

ለንጽጽር፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን አንድ ፒክስሏ 13.7 ሜትር ነበር። ግማሽ ሄክታር ማሳ ለእሷ 27 ፒክስል ገደማ ነው። ማንም «ጥራቷ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ሊንቃት ይችላል፤ ግን የአንድ ወረዳ እርሻ በሙሉ መቼ እንደለመለመና መቼ እንደደረቀ ለማየት ከማንም ስልክ ትበልጥ ነበር። ጥያቄው ሁልጊዜ ምን ልታዩ ነው የሚለው ነው።

ወደ ግዢው ልመለስ፤ ሰዓቴም እያለቀ ነው፣ ሰብሳቢያችን እያየኝ ነው።

ከካሜራው ዋጋ በኋላ የሚመጣ ዋጋ አለ፤ እሱ ማከማቻ ነው። ባለ 45 ሜጋፒክስል ምስል ሳይጨመቅ በቲፍ ሲቀመጥ 136 ሜጋባይት ነው። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ ገጽ በገጽ ቢነሣ 41 ጊጋባይት። መቶ መጽሐፍ ቢሆን 4 ቴራባይት፤ ሁለት ቅጂ መያዝ ግድ ስለሆነ 8 ቴራባይት። በ102 ሜጋፒክስል ይህ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በባለ 24ቱ ገጽ በገጽ ብናነሣ 2 ቴራባይት ከጥቂት፤ በሁለት ቅጂ ከ5 ቴራባይት በታች። አንድ ዓመት ሙሉ ያነሣሁትን ሥራ በአንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ይዤ፣ ዲስኩ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞቶብኝ ያውቃል። እሳት መጽሐፉን ይወስዳል፤ የኔን ምስል ደግሞ የመብራት መቆራረጥ ወሰደው። ስለዚህ ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ሕንፃ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም፤ አንዱ ሮቤ፣ አንዱ ጎባ ይሁን፤ ሦስተኛ ቅጂ አዲስ አበባ ቢኖር ደግሞ ደስ ይለኛል። አራተኛው ቅጂ የባለቤቱ ነው። መጽሐፉን ላሳዩን ቤተሰቦች በወረቀት የታተመ ጥራዝና በፍላሽ የተቀመጠ ምስል ሳንሰጥ ከቤታቸው መውጣት የለብንም። እነሱ ባያምኑን የሚያሳዩን የለም።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ያገለገለ ባለ 45 ሜጋፒክስል ካሜራ ይገዛ፤ ካልተገኘ ባለ 24 ይበቃል፣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ነጥቧን አያጠፋም። ከእሱ ጋር ጠፍጣፋ ገጽ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል የሚያሳይ አንድ ማክሮ ሌንስ። ካሜራውና ሌንሱ ከገንዘቡ ግማሽ እንዳይበልጡ። ግማሹ ለማቆሚያ፣ ለመብራት፣ ለዲስክ፣ ለዩፒኤስና ለትራንስፖርት ይቀመጥ። 100 ሜጋፒክስሉን ከገዛን የሚተርፈን ባዶ እጅ ነው፤ ካሜራው በካርቶኑ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፤ ውድ ስለሆነ ማንም አይደፍረውም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በአዲስ ይሸነፋል። እንደዚያ ያሉ ዕቃዎችን ሁላችንም በየመሥሪያ ቤታችን እናውቃለን፤ ስም አልጠራም።

ያቺን ልጅነቴን ስለ ተናገርኩ የመጨረሻውን ልንገራችሁ። ባለፈው መስከረም ጓደኛዬ እንደገና ደወለ። የአያቱ ወንድም ቤት ሌላ መጽሐፍ አለ፤ በዚያም ኅዳግ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አለው፤ ያው የትውልድ ሐረግ ይሁን ሌላ ገና አልታወቀም። ሽማግሌው ፈቅደዋል፤ ያው እንደ በፊቱ «ከቤት አይወጣም» ብለዋል። ቤቱ መብራት የለውም፤ ጄኔሬተርም ከነጩኸቱና ከነመንቀጥቀጡ አያስፈልገንም፤ በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ ይበቃል። ቀጠሮው ስንዴው ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ አሁን ሁሉም ማሳ ላይ ነው። ካሜራው እስከዚያ ካልተገዛ የኔን ይዤ እሄዳለሁ። የምፈልገው ሁለት ሰው ነው፦ አንዱ ዐጀሚ አቀላጥፎ የሚያነብ፣ ምስሉን እዚያው በላፕቶፕ እያየ «ይህቺ ነጥብ አልታየችም፣ ድገመው» የሚለኝ፤ ሌላው ገጽ የሚገልጥ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥና የማይቸኩል። ከመምህራንም ቢሆን ከተማሪዎች። ለአራት ቀን ነው። ስማችሁን ከበሩ አጠገብ ለተቀመጠችው ጸሐፊያችን አስመዝግቡ፤ ጫማ የሚያስወልቅ ቤት ስለሆነ ወፍራም ካልሲ ያዙ።